«ምክር መስጠት ካቆምኩ ምን እሰጣለሁ?»

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 32 ነው። በካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ከቤተሰቦችና ከልጆች ጋር ስሠራ አምስት ዓመት ሆነኝ። በቅርቡ የሁለት ቀን የናራቲቭ ቴራፒ (ሰው ስለ ሕይወቱ በሚናገረው ታሪክ ላይ የሚሠራ የምክክር ዘዴ) ሥልጠና ወሰድኩ። በጣም ወደድኩት። «ችግሩ ሰውየው አይደለም፤ ችግሩ ራሱ ችግሩ ነው» የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝ። ሰኞ ቢሮ ገብቼ ልሠራበት ስል ግን ሁሉም ነገር ተበላሸብኝ። አንድ አባት መጥተው «ችግሩ ልጅዎ ውስጥ አይደለም፣ ከልጅዎ ውጭ ነው» ስላቸው «ታዲያ ቡዳ በላው ልትይኝ ነው?» አሉኝ። አንዲት እናት ደግሞ «እኔ የመጣሁት ምከሪኝ ብዬ ነው፤ አንቺ መልሰሽ እኔኑ ትጠይቂኛለሽ» ብላኝ ሄደች። አልተመለሰችም።

አሁን ውጭ አገር ያለ ተቋም የሚሰጠው የአንድ ዓመት የኦንላይን ሥልጠና አግኝቻለሁ። ክፍያው የብዙ ወር ደመወዜን ይበላል። ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ? ይህ ነገር ለእኛ ሰው ይሆናል? ምክር መስጠት ካቆምኩስ ምን እሰጣለሁ?

እህትዎ፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ገንዘቡንም ቡዳውንም አልፌ ያቺ እናት ላይ ቀረሁ። ታክሲ ቀያይራ መጥታ፣ ጥያቄ ብቻ ተሸክማ የተመለሰች እናት። አንቺም የምታስቢው እሷን እንደሆነ ገብቶኛል። መጨረሻ ላይ ወደ እሷ እንመለሳለን።

የገንዘቡን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። አሁን አትክፈይ። የአንድ ዓመት ሥልጠና ጥሩ ነገር ነው፤ እኔም የዛሬ ስንት ዓመት ተበድሬ ነው የተማርኩት፤ አልቆጨኝም። አንቺ ግን ገና ከሰው ጋር ስትነጋገሪ የራስሽን ድምፅ መልሰሽ አልሰማሽም። ያንን ሳታደርጊ ብትገቢ ግማሹ ዓመት ቃላት በመልመድ ያልቅብሻል። ከዚያ በፊት በነፃ ወይም በትንሽ ወጪ ልትሠሪው የምትችይው ብዙ ሥራ አለ። እሱን ወደ ታች እነግርሻለሁ።

አሁን የአባትየውን ጥያቄ እንየው። እኔ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው እላለሁ።

ይህ ሙያ ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ። ማይክል ዋይት የሚባል የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ አውስትራሊያ አደሌድ ውስጥ፣ ዴቪድ ኤፕስተን ደግሞ ኒውዚላንድ ኦክላንድ ውስጥ ከቤተሰቦች ጋር ይሠሩ ነበር። ዋይት እ.ኤ.አ. በ1984 ልብሳቸው ላይ ስለሚጸዳዱ ልጆች አንድ ጽሑፍ አወጣ። እነዚያ ልጆች በየቤታቸው ሰነፍ፣ ቆሻሻ፣ እልኸኛ ተብለዋል። እናቶቻቸው ተስፋ ቆርጠዋል። ዋይት ስለ ልጁ ባሕርይ መጠየቁን ተወና ስለ ነገሩ ራሱ መጠየቅ ጀመረ። ለነገሩም ስም ወጣለት። በእኛ አፍ «ሹልክ ባይ ካካ» ብንለው ይቀርባል። ሹልክ ባዩ መቼ መቼ ነው ሸውዶህ የሚመጣው? ከጓደኞችህ ጋር እንዴት አጣላህ? እማዬንስ ምን አደረጋት? አንተስ የቀደምከው ቀን አለ? ሲሸማቀቅ የከረመ ልጅ ቀና ብሎ መናገር ጀመረ። እናትና አባትም ከልጃቸው ጋር መጣላቱን ትተው ከእሱ ጎን ተሰለፉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። ዋይት ለማንም «ችግሩ ከልጅዎ ውጭ ነው» ብሎ አላወጀም። ጠየቀ እንጂ። ጥያቄው ራሱ ነው ነገሩን ከልጁ ላይ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠው። አንቺ ግን ለአባትየው መግለጫ ሰጠሻቸው። ሰው መግለጫ ሲሰጠው ከሚያውቀው ነገር ጋር ያያይዘዋል። እሳቸው «ከሰው ውጭ ሆኖ ሰውን የሚያሠቃይ ነገር» ሲባል የሚያውቁት ቡዳ ነው፤ ዛር ነው፤ መንፈስ ነው። ሌላ ምን ይበሉ?

ልዩነቱን ግን አንቺ ማወቅ አለብሽ። ቡዳ በላው ሲባል ስሙ ተሰጥቶ ያለቀ ነው። የሚያስለቅቀውም ሌላ ሰው ነው። ልጁ ራሱ ምንም አያደርግም፤ ይጮሃል እንጂ። በእኛ ሥራ ስሙን የሚያወጣው ባለቤቱ ነው። የምንጠይቀውም በሁለት በኩል ነው፦ ነገሩ አንተን ምን አደረገህ? አንተስ ነገሩን ምን አድርገኸው ታውቃለህ? ሁለተኛውን ጥያቄ ስለ ቡዳ ማንም ጠይቆ አያውቅም። ደግሞ አደራ፣ ሰው ጠበል እሄዳለሁ ሲልሽ አትከራከሪ። «እዚያ ሲሄዱ ምን ያገኛሉ?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ ውስጥ ብዙ ነገር ታገኛለሽ።

«ለእኛ ሰው ይሆናል?» ላልሽው፣ የራሳችንን ቋንቋ እስኪ ስሚው። ራበኝ። ጠማኝ። በረደኝ። ጨነቀኝ። ከፋኝ። ደበረኝ። አመመኝ። በእነዚህ ቃላት ውስጥ አድራጊው እኔ አይደለሁም፤ የሚደረግብኝ እኔ ነኝ። «ንዴት ያዘኝ» እንላለን። «እልህ ተናነቀኝ» እንላለን። «ሐሳብ ገባኝ»፣ «ፍርሃት ለቀቀኝ» እንላለን። ያዘኝ ካልን እኮ ሊለቀኝ ይችላል ማለት ነው። ሌሎች አገር ያሉ ሠልጣኞች ስንት ወር ተለማምደው የሚያመጡትን አነጋገር የእኛ አያቶች በየዕለቱ ይናገሩት ነበር።

መርዙ ያለው ሌላ ቦታ ነው። «ነው» እና «ነሽ» ውስጥ ነው። ዱርዬ ነው። ነገረኛ ናት። ደካማ ነሽ። እንደ አባቱ ነው። ሰው ቢሮሽ ገብቶ ሲቀመጥ እነዚህን «ነው»ዎች አዳምጪያቸው። ከዚያ የቤተሰቡን ቃል ሳትቀይሪ ግሡን ብቻ አዙሪው። «ተናዳጅ ነው» ካሉሽ «ንዴቱ ሲይዘው መጀመሪያ የሚያውቀው ማን ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ማንም ቡዳ አይልሽም። ማንም እንግዳ ነገር የሰማ አይመስለውም።

አንድ ልጅ ልንገርሽ። ፈቃድ አለኝ፤ የሚያስለየውን ነገር ቀይሬዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ትምህርት ቤት ተደባድቦ ወላጅ አምጣ ተብሏል። እናቱ የነጠላዋን ጥለት እየጠቀለለች «ይሄ ልጅ ነገረኛ ነው፤ በቃ ተፈጥሮው ነው» አለችኝ። ልጁ ጫማውን ያያል። እኔ ያኔ ሥልጠና ላይ ነበርኩ፤ በእናቱ ፈቃድ ንግግራችን ይቀዳል።

«ንዴቱ ሲመጣ ከየት ነው የሚጀምርህ?» አልኩት።

«ከጆሮዬ። ይግላል።»

«ስም ብታወጣለት ምን ትለዋለህ?»

ትንሽ አሰበና «ጭስ» አለ።

«ጭሱ ሲገባ ምን ያደርጋል?»

«ምንም አላይም። ጓደኛዬን ራሱ አላየውም።»

«ቤትስ ሲመጣ?»

«እማዬን ያስለቅሳታል።»

ጥለቱን የምትጠቀልለው እጅ ቆመ። እናትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጇን ዞር ብላ አየችው።

«ይህ ጭስ የሚያደርገው ነገር ላንተ ጥሩ ነው? መጥፎ ነው? ወይስ ድብልቅልቅ ነው?»

«መጥፎ ነው።»

«ለምን?»

ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ «ብቻዋን ነዋ የምታሳድገኝ» አለ።

አየሽ፣ ይህ ዋይት እንደ ካርታ አድርጎ ያስቀመጠው የአጠያየቅ መንገድ ነው። አራት ማረፊያ አለው። ነገሩን በባለቤቱ አፍ መሰየም። ምን ምን እንዳደረገ መጠየቅ። ጥሩ ነው መጥፎ ብሎ እንዲፈርድ ዕድል መስጠት። ከዚያ ለምን እንዲያ እንደፈረደ መጠየቅ። አራተኛዋን ብዙ ሰው ይዘላታል። ልጁ እናቱን ምን ያህል እንደሚያስብላት የወጣው ግን በእሷ ነው። ለአንድ ዓመት «ነገረኛ» ሲባል የኖረ ልጅ ሲሳሳላት ከርሟል፤ ማንም አልጠየቀውም።

ከዚያ እኔ አበላሸሁት። ዝምታው ከበደኝና «ታዲያ ጭሱ ሲመጣ እስከ አሥር ብትቆጥርስ?» አልኩት። «እሺ» አለ። ተመልሶ ጫማውን አየ።

አሠልጣኜ ቅጂውን እዚያ ላይ አቆመችው። አልተቆጣችም። «ይህ ልጅ ጭሱን ያሸነፈበት ቀን መኖሩን ጠይቀሽዋል?» አለችኝ። አልጠየቅሁትም። በሚቀጥለው ሳምንት ጠየቅሁት። ነበረው። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ጆሮው ሲግል ትቷቸው ሮጦ ቧንቧ ሥር ጭንቅላቱን ነክሮ ያውቃል። ማንም አልመከረውም። ጭስን በውሃ። የእኔ እስከ አሥር መቁጠር የእሱን ቧንቧ ሊተካበት ነበር።

ከቧንቧው ነው ሌላው ታሪክ የተጀመረው። ወደዚያ ስትሮጥ ምን አስበህ ነበር? ከዚያ በፊትስ እንዲህ ያለ ነገር አድርገህ ታውቃለህ? ይህን ብትነግረው የማይገርመው ሰው ማን ነው? «አያቴ» አለ። «እሷ እኔን አስተዋይ ነው ትላለች።» የተደረገውንና ያ ነገር ስለ ሰውየው ምን እንደሚናገር እያፈራረቁ መጠየቅ ነው። ከድርጊት ወደ ትርጉም፣ ከትርጉም ወደ ድርጊት። እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ።

«ምክር መስጠት ካቆምኩ ምን እሰጣለሁ?» ብለሽኛል። ለዚያ ልጅ ምን እንደሰጠሁት ልንገርሽ። ደብዳቤ ጻፍኩለት። ኤፕስተን ከክፍለ ጊዜ በኋላ ለደንበኞቹ ደብዳቤ በመጻፍ ይታወቃል፤ እሱና ዋይት እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት መጽሐፍም በደብዳቤዎች የተሞላ ነው። የእኔው እንዲህ የሚል ነበር፦ «ባለፈው ማክሰኞ ጭሱ ጓደኛህን እንኳ እንደሚጋርድብህ ነገርከኝ። እማዬ ብቻዋን እንደምታሳድግህም ነገርከኝ። ቧንቧው ጋ የሮጥክ ቀን እሷን አስበህ ይሆን? ጨርሶ ሳንጨዋወትበት ሰዓቱ አለቀብን።» የራሱን ቃላት በራሱ ቃላትነት መለስኩለት። ምክር የለበትም። ምስጋናም የለበትም። እናቱ ስልክ ደውላ «ትራሱ ሥር አድርጎ ነው የሚተኛው» አለችኝ። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ጭስን ያበረደ» የሚል የምስክር ወረቀት በቢሯችን ማኅተም ሰጠነው። እኛ አገር ማኅተም ያለው ወረቀት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ከአያቱ ፎቶ አጠገብ ተሰቀለ።

ስለዚህ የምትሰጪው አለሽ። ጥንቃቄሽን፣ ትውስታሽን፣ የሰውየውን ቃል ሳያዛቡ መያዝን ትሰጫለሽ። ይህ ከምክር ይከብዳል። ምክር መስጠት ቀላል ነው፤ ማንም ይሰጣል።

ግን ደግሞ አክራሪ አትሁኚ። አንዳንድ ሠልጣኝ ሥልጠና ወስዶ ሲመጣ መረጃ መስጠትም ነውር ይመስለዋል። አንዲት ሴት ፍርድ ቤት የቀለብ ጥያቄ እንዴት እንደሚቀርብ ከጠየቀችሽ ንገሪያት። ሐኪም የሚያስፈልገውን ሰው ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ላኪ። ራሱን ሊጎዳ የሚያስብ ሰው ፊት ተቀምጠሽ የታሪክ ክር አትፈልጊ፤ መጀመሪያ ደኅንነቱን አስጠብቂ። ይህን የማይነግርሽ አሠልጣኝ ካጋጠመሽ ተጠንቀቂው። ናራቲቭ ቴራፒ አስተሳሰብንና ልማድን በመቀየር ላይ እንደሚሠራው ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ያለ ብዛት ያለው ጥናት የለውም። እሱንም ደብቀው ቢሸጡልሽ ልክ አይደለም።

ዱላ ባለበት ቤት ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ሚስቱን የመታ ሰው ቢሮሽ መጥቶ «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ይልሻል። ለጆሮ ልክ የእኛን ሥራ ይመስላል፤ ነገሩ ከሰውየው ውጭ ወጥቷል። አይደለም። እሱ ነገሩን ያወጣው ከኃላፊነት ለማምለጥ ነው። ዱላውን ስም አውጥተሽ እንደ እንግዳ አታናግሪው። የመታው እሱ ነው። ለይተሽ የምትጠይቂው ዱላውን የሚያጸድቀውን ሐሳብ ነው። «ሚስት ካልተገሠጸች አትገራም» የሚለውን ከማን ሰማህ? ይህ ሐሳብ አንተን ምን አስደረገህ? ልጆችህ ዓይን ውስጥ ምን አየህ? እንዲህ ሲሆን ኃላፊነቱ ይጠጋዋል እንጂ አይሸሸውም። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የሴትየዋን ደኅንነት ለብቻዋ ጠይቂ። ባሏ ፊት እንዳትጠይቂያት።

ስለ ሐዘንም ልንገርሽ፤ ከሥልጠናው ሁሉ እኔን የነካኝ እሱ ስለሆነ። በሥልጠና ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነን እርስ በርስ እንለማመዳለን፤ የሚቀርበው ደግሞ የራስሽ እውነተኛ ታሪክ ነው። እኔ ያኔ እናቴን ከቀበርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ሰው ሁሉ «በቃ እርሻት፣ እሷንም አታስጨንቂያት» ይለኛል። ባልደረባዬ ግን «እናትሽ በአንቺ ውስጥ ምን ታይ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀጥላም «አንቺስ ለእሷ ኑሮ ምን ጨመርሽላት?» አለችኝ። ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር። ማታ ማታ ደብዳቤዎቿን የማነብላት እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ነው ከእኔም አንድ ነገር እንዳገኘች የተረዳሁት።

ዋይት ይህን የወሰደው ከአንትሮፖሎጂስቷ ከባርባራ ማየርሆፍ ነው። እሷ ካሊፎርኒያ ቬኒስ ውስጥ አረጋውያን አይሁዶች መካከል ሆና ስታጠና ማስታወስ ማለት ሰውን ወደ ማኅበሩ መመለስ ማለት እንደሆነ ጻፈች። የእንግሊዝኛው ቃል ጨዋታ (remember ማስታወስ፣ re-member ደግሞ እንደገና አባል ማድረግ) ብዙዎችን ያስቸግራል። እኛን ግን ለምን ያስቸግረናል? ጽዋ የሚጠጣበት ማኅበር አለን። ዝክር አለን። ተዝካር አለን። ሙሾ አውራጇ የሟቹን ሥራ እየጠራች ስታስለቅስ አድገናል። ለሐዘንተኛ «ከሕይወትዎ ማኅበር ውስጥ ማንን ከፍ ባለው ወንበር ያስቀምጣሉ?» ብትዪው ትርጉም አይፈልግም። «እርሳው» ከማለት ይልቅ «ይዘኸው ኑር» ማለት ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። መጀመሪያ ደልዊች ሴንተር፣ አደሌድ ያለውና እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የናራቲቭ ቴራፒ ማዕከል፣ በነፃ የሚሰጠውን የኦንላይን መግቢያ ትምህርት ውሰጂ። ዋናዎቹን ሐሳቦች እዚያ ታገኛለሽ። ከዚያ ሁለት የሥራ ባልደረቦችሽን ጥሪ። ሦስት ሁኑ፤ ከዚያ አትብዙ። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ቅዳሜ ተገናኙ። ቡና አፍሉ። ይህን ለማሳመር አይደለም የምልሽ። በናራቲቭ ሥራ የምስክሮች ዙር የሚባል አለ፤ እሱም ከማየርሆፍ የመጣ ነው። አንዱ ይናገራል። የሰማው ሰው የነካውን ይናገራል። ከዚያ የመጀመሪያው ሰው ያንን ሰምቶ እንደገና ይናገራል። ሦስት ዙር ነው። አቦል ላይ አንዷ ከሕይወቷ አንድ ትንሽ እውነተኛ ነገር ታውራ፤ ሌላዋ ትጠይቃት። ቶና ላይ ሦስተኛዋ ምስክር ትሁን። በረካ ላይ ባለታሪኳ ትመልስ።

ምስክር ስትሆኑ ሕጉ ጥብቅ ነው። የትኛው ቃል ነው ጆሮዬን የያዘው? ምን ሥዕል መጣልኝ? ከእኔ ሕይወት ምኑን ነካው? ይህን ከሰማሁ በኋላ የት ደረስኩ? አራቱ ብቻ። «ጎበዝ» አይባልም። «እኔ ብሆን» አይባልም። ለእኛ ይህ ከባድ ነው፤ ሽማግሌ ሲቀመጥ ጥፋተኛውን ለይቶ ማስታረቅ ነው የለመድነው። ሽምግልና ትልቅ ነገር ነው፤ ቦታው ግን ሌላ ነው። ምስክር አይፈርድም።

ሁለተኛው ሥራ መቅዳት ነው። በጽሑፍ ፈቃድ አስፈርመሽ፣ የአንድን ክፍለ ጊዜ አሥር ደቂቃ ብቻ ቅጂ። ከዚያ ተቀምጠሽ ቃል በቃል ጻፊው። በአማርኛ። አሥር ደቂቃ ለመጻፍ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ በእያንዳንዱ ጥያቄሽ ሥር አስምሪ። ጥያቄ መስሎ የገባ ምክር ስንት ነው? «ለምን አታናግሪውም?» ጥያቄ አይደለም። «እንዲህ ብታደርጊስ?» ጥያቄ አይደለም። እኔ በመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ ከአሥራ አራት ጥያቄ ዘጠኙ ምክር ነበሩ። ያን ወረቀት እስካሁን አልጣልኩትም።

ስትጽፊ ሌላም ነገር ታያለሽ። ከሥልጠናው የቀዳሻቸው ቃላት አማርኛ ላይ አይቀመጡም። ለምሳሌ «ማንነት» የሚለውን ቃል ተይው። ዛሬ አገራችን ውስጥ «ስለ ማንነትህ ምን ይነግርሃል?» ስትዪው ሰው ብሔሩን የጠየቅሽው ይመስለዋል። ይደነግጣል። «ይሄን ያደረገ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው ያሰኛል?» በይው። «ታሪክህን ንገረኝ» ስትዪውም ከልደቱ ይጀምርልሻል። «እስኪ ያቺን ቀን አጫውተኝ» በይው። እንዲህ ያሉትን በደብተር እየያዝሽ አከማቺ። ማንም የውጭ አሠልጣኝ ሊሰጥሽ የማይችለው መጽሐፍ ይሆናል።

ከልጆችና ከወጣቶች ጋር ስለምትሠሪ ደግሞ «የሕይወት ዛፍ» የሚባለውን ተማሪ። ይህ ከአፍሪካ የወጣ ነው። ዚምባብዌያዊቷ ንካዜሎ ንኩቤና የደልዊች ሴንተሩ ዴቪድ ዴንቦሮ በደቡባዊ አፍሪካ በኤችአይቪ ምክንያት ወላጆቻቸውን ካጡ ልጆች ጋር ሲሠሩ ያወጡት ነው። ልጁ ዛፍ ይስላል። ሥሩ ላይ የመጣበትን፣ መሬቱ ላይ የአሁን ኑሮውን፣ ግንዱ ላይ ችሎታውን፣ ቅርንጫፉ ላይ ምኞቱን፣ ቅጠሉ ላይ የሚወዳቸውን ሰዎች፣ ፍሬው ላይ የተሰጠውን ስጦታ ይጽፋል። ዛፎቹ ጎን ለጎን ተሰቅለው ጫካ ይሆናሉ። ስለ ማዕበሉ የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ የቆመበት ሳይኖረው ስለ ደረሰበት ክፉ ነገር አይጠየቅም። ይህን ቅደም ተከተል እኔ ከልጆች ውጭም እጠቀምበታለሁ።

ከስድስት ወር በኋላ አሁንም ልብሽ ከሳበሽ ያን ጊዜ ክፈይ። ከመክፈልሽ በፊት ግን ጻፊላቸውና ጠይቂያቸው። የራሴን ንግግር የሚሰማልኝ ሰው አለ? በዓመቱ ውስጥ ስንት ጊዜ? በአማርኛ የሠራሁትን ተርጉሜ ባመጣ ትቀበሉኛላችሁ? ለእኛ አገር ሰው የክፍያ ቅናሽ አላችሁ? አትፈሪ፣ ጠይቂ፤ ይህ ነውር አይደለም። ቪዲዮ አሳይቶ ፈተና ፈትኖ ሰርተፊኬት የሚልክልሽ ከሆነ ገንዘብሽን ያዢ። ሁለተኛ ዲግሪ ድረስ መሄድ ለሚፈልግ የሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ከደልዊች ሴንተር ጋር ሲሰጠው የቆየ የማስተርስ ፕሮግራም አለ፤ መቀጠሉን ጠይቂ፤ ያ ግን ሌላ ዕቅድ ነው።

አሜሪካ ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ አንድ ቃል። የናራቲቭ ቴራፒ ሰርተፊኬት የሥራ ፈቃድ አይደለም። የቤተሰብ ቴራፒስትነት ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት ነው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሥልጠናው ለፈቃድ ማደሻ ሰዓት የሚቆጠርላችሁ መሆኑን አጣሩ።

ወደዚያች እናት እንመለስ። ስልኳ መዝገብሽ ላይ አለ፤ ደውዪላት። «ባለፈው ለምክር መጥተው እኔ ጥያቄ አበዛሁብዎት፤ ይቅርታ» በያት። ከመጣች መጀመሪያ ሻይ አቅርቢላት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂያት፦ «ስለዚህ ጉዳይ እስካሁን ማን ማን መከረዎት?» አለሁልሽ ያላት ሁሉ መክሯታል። እናቷ፣ ጎረቤቷ፣ የንስሐ አባቷ፣ የዕድር ሰው። ስማቸውን አንድ በአንድ ጻፊ። ምን እንዳሏት ጻፊ። ከዚያ «ከነዚህ ውስጥ የትኛውን ወሰዱ? የትኛውንስ ተዉት? ሲተዉት ምን አስበው ነበር?» በያት።

መልሷን በራሷ ቃል ጻፊና፣ ፈቃዷን ጠይቀሽ፣ ስሟን ሰርዘሽ ላኪልኝ።